ያገኘሁት ክሪስታል ምንድነው? ከድሬዳዋ ደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች

ክረምቱ አልፎ የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ይበዛል። ጎርፉ ከላይ ከተራራው ያወረደውን ድንጋይ ልጆች ይለቅሙታል። አንዳንዱ በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዱ በሶፍት ጠቅልሎ ከደረት ኪሱ ያወጣዋል። የሳይንስ መምህር ስለሆንኩ ነው ወደ እኔ የሚልኳቸው። ድንጋይ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ እዚህ ላይ በአንድነት መለስኳቸው።

ድንጋዩን እንዳገኘሁ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ያገኛችሁበትን ቦታ ጻፉ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል። ትንሽ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ የሰፈሩን ወይም የወንዙን ስም፣ ከአለት ላይ ተነቅሎ ይሁን በአሸዋ ውስጥ ተንከባልሎ እንደተገኘ ጽፋችሁ ከድንጋዩ ጋር አንድ ላስቲክ ውስጥ ክተቱ። ክሪስታሉ ሌላ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ከሆነ አታላቅቁት። ያ "ቆሻሻ" የምትሉት ድንጋይ ክሪስታሉ ያደገበት ቤቱ ነው፤ ስለ ክሪስታሉ ብዙ የሚናገረውም እሱ ነው።

ቦታው ይህን ያህል የሚረዳበት ምክንያት አለ። የድሬዳዋ ተራራ በደረጃ የተሠራ ነው። ከስር ያረጀ ጠንካራ አለት አለ። በላዩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ በየቦታው ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ አለ። ከኖራ ድንጋይ ስንጥቅ የወጣ ነጭ ክሪስታል ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋዩ ራሱ የተሠራበት ማዕድን፣ የመሆን እድሉ ሰፊ ነው። ከባዛልት ቀዳዳ ውስጥ የወጣ ከሆነ ካልሳይትም፣ ዚዮላይት የሚባለው ማዕድንም፣ የኳርትዝ (የአሸዋው ዋና ማዕድን) ዘመድ የሆነው ካልሰዶኒም ሊሆን ይችላል። ቦታውን ካወቅን ግማሽ መንገድ ሄድን ማለት ነው።

ፎቶ ብልክስ አይበቃም?

አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ኳርትዝ፣ ካልሳይት፣ ጂፕሰምና የተሰበረ ጠርሙስ ፎቶ ላይ አራቱም ነጭና አሳላፊ ሆነው ነው የሚታዩት። በስልክ ፎቶ አይቶ ስም የሚሰጥ መተግበሪያም የሚያየው ቀለምና ቅርጽ ብቻ ነው። ድንጋዩን መጫርም መመዘንም አይችልም። እንደ ግምት ውሰዱት፤ ከዚያ በላይ ግን አትመኑት።

የግድ ፎቶ የምትልኩ ከሆነ ጥላ ውስጥ ሆናችሁ በቀን ብርሃን አንሱ፤ ፍላሽ አትጠቀሙ። አጠገቡ ሳንቲም ወይም ክብሪት አድርጉ፤ መጠኑ እንዲታወቅ። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከጎን፣ አንዱን የተሰበረበትን ገጽ አሳዩ። የተሰበረበት ገጽ ከሚያምረው ጫፍ ይበልጥ ይጠቅመኛል።

ያለ ላብራቶሪ በምን ልለየው?

ቤት ውስጥ ባለው ነገር። ጥፍር፣ ከመብራት ገመድ ውስጥ የወጣ የመዳብ ሽቦ፣ ቢላዋ፣ የመስታወት ስባሪ፣ ሞረድ፣ አሮጌ ሲኒ፣ ሎሚ ወይም አቼቶ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ከተገኘ በጣም ጥሩ። ኤሌክትሮኒክ የኩሽና ሚዛን ያለው ደግሞ ምንም አልጎደለውም።

መጫር ሲባል እንዴት ነው የሚጫረው?

ጀርመናዊው የማዕድን ተመራማሪ ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 አስር ማዕድናትን ከለስላሳው ወደ ጠንካራው ደረደረ። 1 ታልክ፣ 2 ጂፕሰም፣ 3 ካልሳይት፣ 4 ፍሎራይት፣ 5 አፓታይት፣ 6 ፌልድስፓር፣ 7 ኳርትዝ፣ 8 ቶፓዝ፣ 9 ኮረንደም፣ 10 አልማዝ። ጠንካራው ለስላሳውን ይጭራል፤ ለስላሳው ጠንካራውን አይጭርም። ነገሩ ይሄው ነው።

ጥፍር 2.5 አካባቢ ነው። መዳብ 3፣ ቢላዋና መስታወት 5.5 አካባቢ፣ ጥሩ ሞረድ 6.5። ስለዚህ ጥፍራችሁ የሚጭረው አሳላፊ ክሪስታል ካገኛችሁ ጂፕሰም ይሆናል፤ ተቃጥሎ ተፈጭቶ ጄሶ የሚሆነው ማዕድን። ጥፍር እምቢ ብሎት ቢላዋ በቀላሉ ከጫረው ካልሳይትን ጠርጥሩ። ቢላዋው እምቢ ካለ ወደ ፌልድስፓርና ኳርትዝ ሂዱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ቢላዋውን ድንጋዩ ላይ ስትስቡት መስመር ይታያል። "ተጫረ!" ትላላችሁ። ጣታችሁን ምራቅ አስነክታችሁ መስመሩን ጥረጉት። ከጠፋ፣ የተላጠው ቢላዋው ነው፤ ብረቱ ድንጋዩ ላይ እንደ እርሳስ ጽፏል። ካልጠፋና ጥፍራችሁ ቦይ ውስጥ ሲገባ ከተሰማችሁ ድንጋዩ ነው የተጫረው። ሁልጊዜም የማይታየውን የድንጋዩን ጥግ ጫሩ፤ የሚያምረውን ፊቱን አታበላሹት።

መስታወት ጫረልኝ። አልማዝ ነው አይደል?

አይደለም። ይህን መልስ ስሰጥ የሰዎችን ፊት አያለሁ፤ አውቃለሁ ያሳዝናል። ግን ኳርትዝም መስታወት ይጭራል። ኳርትዝ ደግሞ በምድር ላይ በብዛት ከሚገኙ ማዕድናት አንዱ ነው፤ የአሸዋው አብዛኛው ክፍል እሱ ነው። መስታወት መጫር የሚነግራችሁ ድንጋዩ ከ5.5 በላይ መሆኑን ብቻ ነው።

አንድ ተማሪዬ ያገኛትን አውራ ጣት የምታክል ኳርትዝ አንድ ደላላ "አልማዝ ናት፣ ማስመርመሪያ ክፈል" ብሎ ከአባቱ ገንዘብ ወስዶ ጠፍቷል። ልጁ እስከዛሬ ድንጋይ ማየት አይፈልግም። እኔን የሚቆጨኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው። ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ መርማሪ ካጋጠማችሁ ድንጋያችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ካልሳይትና ኳርትዝን በምን ልለያቸው?

ከሚመጡልኝ ድንጋዮች አብዛኞቹ ከሁለቱ አንዱ ናቸው። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ከድሬ ማንቆርቆሪያ እንጀምር። ውሃችን የሚመጣው ከኖራው ድንጋይና ከአሸዋው ድንጋይ ውስጥ ስለሆነ ማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ያ ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ካልሳይትም የተሠራው ከዚሁ ነው። ትንሽ ፍቃችሁ ሳህን ላይ አድርጉና ሎሚ ጨምቁበት። ጆሯችሁን አስጠጉ። ሽሽ የሚል ድምፅ፣ ደቃቅ አረፋ። አሁን ያገኛችሁትን ድንጋይ ጥግ በሞረድ ሞርዳችሁ ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉ። ያው አረፋ ከወጣ ካልሳይት ነው ብሎ መጀመር ይቻላል። ኳርትዝ ላይ ሎሚውን ብታፈሱበት ዝም ነው። ዱቄት ማድረጉን አትርሱ፤ ሎሚና አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆኑ በደህናው ገጽ ላይ አረፋው እምብዛም አይታይም።

ሁለተኛው ምልክት አሰባበሩ ነው። ካልሳይት ሲሰበር በሦስት አቅጣጫ ለስላሳ ገጽ እየሰጠ ይሰነጠቃል። የሚወጣው ቁራጭ ወደ ጎን የተገፋ ካርቶን ይመስላል፤ ማዕዘኖቹ 75 እና 105 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። ትንሿን ቁራጭ እንደገና ብትሰብሯት ያው ያጋደለ ካርቶን ይወጣል፣ አነስ ብሎ። ኳርትዝ እንዲህ አያደርግም። እንደ ጠርሙስ ቂጥ ጎድጎድ ብሎ ነው የሚሰበረው።

ጥርት ያለ ካልሳይት ካገኛችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ወረቀት ላይ በእርሳስ አንድ ነጥብ አድርጉና ድንጋዩን አስቀምጡበት። ነጥቡ ሁለት ይሆናል። ድንጋዩን ስታዞሩት አንደኛው ነጥብ ሌላኛውን ይዞረዋል። ካልሳይት ብርሃንን ለሁለት ስለሚከፍል ነው። ለተማሪዎች ስንት ጊዜ አሳይቻለሁ፤ እኔም ራሴ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ቅርጽ ነው። የኳርትዝ ግንድ እንደ እርሳስ ስድስት ጎን አለው፤ ጫፉ ላይ ይሾላል። ጎኖቹ ላይ በአግድም የተሰመሩ ስስ መስመሮች ይታያሉ። ሁለት ጎረቤት ጎኖች የሚገናኙበት ማዕዘን 120 ዲግሪ ነው። ቤት ውስጥ ስድስት ጎን ያለው ዳዶ ካለ አጠገቡ አድርጋችሁ አስተያዩ፤ ማዕዘናቸው አንድ ነው። ክሪስታሉ ቢወፍርም ቢቀጥንም፣ አንዱ ጎን ከሌላው ቢሰፋም ማዕዘኑ አይለወጥም። ይህን ኒኮላስ ስቴኖ የተባለ ዴንማርካዊ እ.ኤ.አ. በ1669 ነው የጻፈው።

ግን ስድስት ጎን ስላያችሁ ብቻ ኳርትዝ ነው አትበሉ። ካልሳይትም አንዳንዴ ስድስት ጎን ይሠራል። አንዳንዴ ደግሞ እንደ ውሻ ጥርስ ሾሎ ይወጣል። ቅርጹ ካደናገራችሁ ወደ ቢላዋው ተመለሱ። ቢላዋ ጫረው? ኳርትዝ አይደለም።

ድንጋዬ ሐምራዊ ነው፤ ቀለሙ ስሙን አይነግረኝም?

ቀለም ከሁሉም በላይ ያታልላል። ያው ኳርትዝ በውስጡ ባለው ጥቂት ብረትና በተፈጥሮ ጨረር ምክንያት ሐምራዊ ሲሆን አሜቲስት ይባላል። ነጭም፣ ጭስ የመሰለም፣ ሮዝም አለ። ፍሎራይትም ሐምራዊ ይሆናል፤ ጥንካሬው 4 ስለሆነ ግን ቢላዋ ይጭረዋል።

ከላይ ከሚታየው ቀለም ይልቅ የዱቄቱ ቀለም ይታመናል። አሮጌ ሲኒ ገልብጡ። ቂጡ ላይ ያለው ያልተለበጠ ሸካራ ቀለበት ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ድንጋዩን እሱ ላይ ፈተግ አድርጉት። ጥቁርና ብረት የሚመስል ድንጋይ ቀይ ቡናማ መስመር ከጻፈ ሄማታይት ነው። ጥቁር መስመር ጽፎ ማግኔት ከያዘው ማግኔታይት። ነጫጮቹና አሳላፊዎቹ በአብዛኛው ነጭ ነው የሚጽፉት፤ ስለዚህ ለእነሱ ይህ ፈተና ብዙም አይረዳም።

ይህን ሙያ የጀመርነው እኛ አይደለንም። ከከተማችን በላይ ያለውን ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ታውቁት ይሆናል፤ ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እዚያ ከተቆፈረው ውስጥ 4,213 የኦከር ቁራጭ ተገኝቷል፤ 40 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ኦከር ብረት የበዛበት ቀይና ቢጫ ድንጋይ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳወጡት ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች ድንጋዩን እየፈጩና እየፋቁ ዱቄቱን ይጠቀሙበት ነበር። የትኛው ድንጋይ ምን ቀለም እንደሚሰጥ ፈትገው ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኔ ሲኒ ቂጥ ላይ ሄማታይት ስፈትግ ሁሌም እነሱ ይታወሱኛል።

ክብደቱ ከበደኝ። ይህ ምን ይነግረኛል?

ብዙ። መጀመሪያ ድንጋዩን ደረቁን መዝኑ። ቀጥሎ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ድንጋዩን በክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት፤ የብርጭቆውን ቂጥም ጎንም እንዳይነካ። ሚዛኑ አንድ ቁጥር ያሳያል። የደረቁን ክብደት ለዚያ ቁጥር አካፍሉት። ለምሳሌ ደረቁ 53 ግራም፣ ውሃ ውስጥ ያነበባችሁት 20 ግራም ከሆነ መልሱ 2.65 ነው። ድንጋዩ እኩል መጠን ካለው ውሃ 2.65 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው፤ ይህ የኳርትዝ ቁጥር ነው።

ካልሳይት 2.71 ነው፤ ጂፕሰም 2.3 አካባቢ፣ ፍሎራይት 3.18፣ ከባድ ማዕድን የሆነው ባራይት 4.5፣ የእርሳስ ማዕድን የሆነው ጋሊና 7.5። ኳርትዝና ካልሳይት በጣም ስለሚቀራረቡ በኩሽና ሚዛን አይለዩም፤ እነሱን በቢላዋና በሎሚ ለዩ። ድንጋዩ ሌላ ድንጋይ ከተጣበቀበት ወይም ቀዳዳ ከበዛበት ግን ቁጥሩን አትመኑት።

ብርጭቆ ቢሆንስ?

በጣም ያጋጥማል። ጎርፍ ውስጥ የተንከባለለ ጠርሙስ ጠርዙ ይለሰልስና እንቁ ይመስላል። በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ውስጡን እዩ፤ ክብ ክብ የአየር አረፋ ካለ ጠርሙስ ነው። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሆኖ አረፋ የሞላበት ከባድ ቁራጭ ደግሞ ከብረት ማቅለጫ የወጣ የብረት አር ሊሆን ይችላል። ጥቁር ሆኖ ሲሰበር ስለቱ እንደ ምላጭ የሆነው ባልጩት ነው፤ እሱ እውነተኛ የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው። ክሪስታል ባይሆንም አስቀምጡት።

አሸዋው ውስጥ የሚያብለጨልጨው ወርቅ ነው?

በመርፌ ጫፍ ጫን በሉት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከተላጠ ማይካ ነው። ከተሰባበረ ፓይራይት ሊሆን ይችላል፤ ሲኒ ቂጥ ላይ አረንጓዴ ያዘለ ጥቁር ይጽፋል። ወርቅ አይሰበርም፣ ይጨፈለቃል። የሚጽፈውም ቢጫ ነው።

ከሐረር በኩል ያመጣሁትስ?

ወደ ሐረርና ባቢሌ ስትሄዱ ድንጋዩ ይለወጣል። ባቢሌ ላይ ተደራርበው የቆሙት እነዚያ ትላልቅ ድንጋዮች ግራናይት ናቸው። በግራናይት አገር የምትጠብቁት ኳርትዝ፣ ፌልድስፓርና ማይካ ነው። ፌልድስፓር ነጭ ወይም ሥጋ መሳይ ሮዝ ነው። ሲሰበር ለስላሳ ገጽ ይሰጣል፤ ሁለቱ ገጾች የሚገናኙት ወደ 90 ዲግሪ ተጠግተው ነው። ፀሐይ ላይ ስታዞሩት ገጹ እንደ መስኮት ብልጭ ይላል። ኳርትዙ ግን ቅባት የተቀባ ብርጭቆ ይመስላል። አንዲት የግራናይት ቁራጭ ይዛችሁ ሦስቱን መለየት ከቻላችሁ ዓይናችሁ ተከፍቷል።

ኦፓል ሊሆን ይችላል ተባልኩ።

ታዋቂው ኦፓላችን የወሎ ደላንታ ነው፤ ወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው። ኦፓል ክሪስታል አይሠራም። ሹል ጫፍና ቀጥ ያለ ጎን ካለው ኦፓል አይደለም።

ቆሻሻውን እንዴት ላጽዳው?

በውሃና በጥርስ ብሩሽ። በቃ። ውሃም ቢሆን ከመጠቀማችሁ በፊት ጥጉን ሞክሩ፤ ጨው ከሆነ ይሟሟል።

የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ውስጥ የሚከቱ አሉ። እባካችሁ ተዉት። እኔ ወጣት ሆኜ ከአጎቴ የተሰጠኝን የውሻ ጥርስ ካልሳይት "ላንጻው" ብዬ አሲድ ውስጥ አድርጌ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ ሹል ሹል ጫፎቹ እንደ ተላሰ ከረሜላ ደብዝዘው ነበር። አጎቴ ምንም አላለኝም፤ ግን ድንጋዩን አይቶ መልሶ ሲያስቀምጠው አሁንም ይታየኛል። የባትሪ አሲድ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ ዓይንና ቆዳ ያበላሻል፣ ካልሳይቱንም በጂፕሰም ይሸፍነዋል።

ጨው መሆኑን ልቅመሰው?

አትቅመሱ። እርሳስና አርሰኒክ ያለባቸው ማዕድናት አሉ። ድንጋይ ከነካችሁ በኋላ ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ። በመዶሻ ስትሰብሩ መነጽር አድርጉ፤ የልጅ ዓይን አጠገብ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትስበሩ። እንደ ጥጥ ወይም እንደ ክር የሚበጣጠስ ማዕድን ካገኛችሁ አትፈትጉት፣ አትሞርዱት። አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል።

ብሸጠውስ? ከዋሻ ብነቅልስ?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ማዕድን አውጥቶ ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህም በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 የተደነገገ ነው። ለንግድ ካሰባችሁ መጀመሪያ የአስተዳደሩን የማዕድን ጉዳይ ክፍል ጠይቁ።

ከዋሻ ግን ምንም አትንቀሉ። ከጣሪያው የተንጠለጠለው ድንጋይ ጠብታ በጠብታ ነው ያደገው፤ አንድ ጣት ለማደግ ብዙ ትውልድ ይፈልጋል። እንደ ለጋ ኦዳ ያሉ የጥንት ሥዕል ያለባቸው ቦታዎች ላይማ ጠጠርም አታንሱ። ግድግዳውንም አትጫሩ፣ ውሃም አትርጩበት።

ሁሉንም ሞክሬ ስም ካጣሁለትስ?

የምታውቁት የጂኦሎጂ መምህር ወይም ባለሙያ ካለ አሳዩት። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ላብራቶሪ ነው። ዱቄቱን በኤክስሬይ መርምረው የውስጥ አሠራሩን ያነባሉ፤ ይህ ከግምት የተላቀቀ መልስ ነው። እስከዚያው ወረቀቱ ላይ "ያልታወቀ" ብላችሁ የደረሳችሁበትን ሁሉ ጻፉ፤ ጥንካሬ ከስንት እስከ ስንት፣ የዱቄት ቀለም፣ ክብደት፣ ሎሚ ላይ ምን እንደሆነ።

እኔ ዘንድ ስምንት ዓመት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ነጭ ክሪስታል ነበር። ቢላዋ ስለሚጭረው ካልሳይት ነው ብዬ ጽፌበት ነበር። አንድ ቀን አቧራ ልጠርግ ሳነሳው እጄን ከበደኝ። ሎሚ ጠብ አደረግሁበት፤ ዝም አለ። ክር አስሬ ውሃ ውስጥ መዘንኩት፤ 4.5 ወጣ። ባራይት ነው። ስሙን አስተካክዬ ጻፍኩለት። ከየት እንደመጣ ግን እስከዛሬ አላውቅም፤ የሰጠኝ ሰው ወረቀት አላደረገበትም ነበር።